«በ2045 ማሽን ሰውን ይበልጣል» ስለተባለ ሁለቱን በሬ ሸጦ ኮርስ መግዛት ያዋጣል?

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከሞጣ ነው። ታናሽ እህቴ የ12ኛ ክፍል ፈተና አልፋ የዩኒቨርሲቲ ምደባ እየጠበቀች ነው፤ ፍላጎቷ ኮምፒውተር ሳይንስ ነው። ሰሞኑን በቴሌግራም የሚዞር ቪዲዮ አየን። ‹ሲንጉላሪቲ በ2045 ይመጣል፤ ማሽን ከሰው ሁሉ ይበልጣል፤ በሽታና ሞት ይቀራል፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ 4 ዓመት መማር ጊዜ ማባከን ነው› ይላል። የለቀቁት ሰዎች የ6 ወር የኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ኮርስ ይሸጣሉ። አባታችን ‹ልጄ ወደ ኋላ ከምትቀር ሁለቱን በሬ እሸጣለሁ› ብሏል። ነገሩ እውነት ነው? ምን እናድርግ?»

መልስ፦ በሬዎቹ አይሸጡ። ቪዲዮው እውነትን፣ ግምትንና ሽያጭን አብሮ አቡክቶ ስላቀረበላችሁ መጀመሪያ ሦስቱን መለየት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ 2045 የሚባለውም በእኛ 2037 እና 2038 ዓ.ም. ላይ ይውላል።

ሲንጉላሪቲ ከሒሳብ የተወሰደ ቃል ነው። 1ን ለግማሽ፣ ለመቶኛ፣ ለሺኛ እያላችሁ ብታካፍሉ ውጤቱ እየገዘፈ ይሄዳል፤ ለዜሮ ስታካፍሉ ግን መልስ የለም፣ ሒሳቡ እዚያ ላይ ይቆማል። ወደ ቴክኖሎጂ ሲዛወርም ትርጉሙ ይኸው ነው፤ ማሽን ራሱን ማሻሻል ከጀመረ ለውጡ ከመፍጠኑ የተነሣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ዛሬ ላይ ቆሞ መተንበይ አይቻልም የሚል ሐሳብ ነው። ልብ በሉ፣ «መተንበይ አይቻልም» ነው የሚለው። «ሲንጉላሪቲ ይመጣል» ብሎ ሳይጨርስ «በሽታ ይጠፋል፣ ሞት ይቀራል» እያለ የማግስቱን ዝርዝር የሚነግራችሁ ሰው የቃሉን ትርጉም ራሱ አፍርሶታል።

ሐሳቡ ቆየት ያለ ነው። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ኧርቪንግ ጆን ጉድ በ1965 እንዲህ ሲል አሰበ፦ ከሰው የሚልቅ አንድ ማሽን ከተሠራ፣ ማሽን መሥራትም የአእምሮ ሥራ ስለሆነ፣ ያ ማሽን ከራሱ የተሻለ ይሠራል፤ የተሠራውም ሌላ የተሻለ ይሠራል። ቨርነር ቪንጅ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ መምህርና ደራሲ በ1993 «በ30 ዓመት ውስጥ ከሰው የሚልቅ አእምሮ ለመፍጠር የሚያስችል አቅም ይኖረናል፤ ከ2005 በፊት ወይም ከ2030 በኋላ ቢሆን ግን ይገርመኛል» አለ። 2045 የሚለው ቁጥር ደግሞ የአሜሪካዊው የኮምፒውተር ፈልሳፊና ደራሲ የሬይ ከርዝዌል ነው፤ ማሽን ከሰው እኩል የሚሆነው በ2029፣ ሲንጉላሪቲ በ2045 ብሎ ነው የቀመረው። ቁጥሩን ያገኘው በአንድ ዶላር የሚገዛው የኮምፒውተር ስሌት ባለፉት አሥርት ዓመታት ያደገበትን ፍጥነት ወደፊት በመዘርጋት ነው። ስለዚህ 2045 የአንድ ሰው ስሌት እንጂ በሳይንስ የተረጋገጠ ቀጠሮ አይደለም፤ ስሌቱም ዕድገቱ ሳይቆም ይቀጥላል በሚል ግምት ላይ የቆመ ነው።

እጥፍ እያሉ ማደግ ምን እንደሆነ በጤፍ እንየው። አንዲት የጤፍ ፍሬ 0.3 ሚሊ ግራም ያህል ትመዝናለች። በየዓመቱ እጥፍ ብትሆን በ10ኛው ዓመት ከ1,000 ጥቂት በለጥ ያለ ፍሬ ይኖራችኋል፤ ክብደቱ 0.3 ግራም ነው፣ በጣት ጫፍ የሚነሣ። በ20ኛው ዓመት 300 ግራም ገደማ ይሆናል። እስካሁን 20 ዓመት ጠብቃችሁ ለአንድ ቀን እንጀራ አልበቃችሁም። በ30ኛው ዓመት ግን 3 ኩንታል፣ በ40ኛው 3,300 ኩንታል፣ በ54ኛው 54 ሚሊዮን ኩንታል ይደርሳል፤ ይህም አገራችን በአንድ ዓመት የምታመርተውን ጤፍ ሁሉ ያክላል። ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይታይ ቆይቶ በድንገት መጥለቅለቅ የእጥፍ ዕድገት ጠባይ ነው። ስለ ኤአይ የሚያስጠነቅቁት ሰዎች የሚሉት ይህንን ነው፤ በዚህ ትክክል ናቸው።

ነገር ግን ጥያቄውን ወደ እውነተኛው ማሳ አውርዱት። ጤፍ በአንድ ዓመት የሚራባው እጥፍ ሳይሆን ከዚያ በብዙ ይበልጣል፤ አንዲት ፍሬ በመቶዎች የሚቆጠር ፍሬ ትመልሳለች። ታዲያ ጎጃም እስከ ዛሬ በጤፍ ስለ ምን አልተዋጠም? መሬቱ ስለሚያልቅ፣ አፈሩ ስለሚኮመጥጥ፣ ዝናቡ ስለሚያጥር፣ የሚያርምና የሚያጭድ እጅ ስለሚጎድል ነው። ማንኛውም የእጥፍ ዕድገት የሚበላው ነገር አለው፤ የሚበላው ሲያልቅ መስመሩ ከሽቅብ ወደ ዝርግ ይታጠፋል። አስቸጋሪው፣ ሽቅቡ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው የሚታጠፈው መስመርና የማይታጠፈው መስመር ቁርጥ አንድ መምሰላቸው ነው። ስለዚህ ዕድገቱ ምን እንደሚበላና ያ ነገር ምን ያህል እንደቀረው መጠየቅ ይገባል።

ከቺፕ እንጀምር። በ1971 የወጣው የኢንቴል 4004 ቺፕ 2,300 ትራንዚስተር (ስሌቱን የሚሠራ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያ) ነበረው። በ2024 ይፋ የሆነው የኤንቪዲያ ኩባንያ ብላክዌል ቺፕ 208 ቢሊዮን አለው። ብታሰሉት በ53 ዓመት ውስጥ ከ26 ጊዜ በላይ እጥፍ ሆኗል፤ ማለትም በየ2 ዓመቱ አንድ ጊዜ። ይህም ከኢንቴል መሥራቾች አንዱ የሆነው ጎርደን ሙር በ1975 ያስቀመጠው ፍጥነት ነው፤ እስካሁን አልሳተም ማለት ይቻላል። ሁለት ስንጥቆች ግን አሉ። አንደኛ፣ ብላክዌል ሁለት ቺፕ ተጣምሮ የተሠራ ነው፤ አንዱን ማሳደግ ስለከበደ ነው ሁለት የተጠመደው። ሁለተኛ፣ ከ2005 ገደማ ጀምሮ ትራንዚስተሩ ሲያንስ ኃይል መቆጠቡ እየቀረ ስለመጣ ሙቀቱ አስቸገረ፤ የቺፕ የልብ ምት የሚባለው ፍጥነትም በጥቂት ጊጋ ኸርዝ ላይ ተገድቦ ቀረ። የመጨረሻዎቹን ቺፖች ለመቅረጽ የሚያስፈልገውን የብርሃን ማሽን በዓለም ላይ የሚሠራው አንድ የሆላንድ ኩባንያ ብቻ ነው፣ ኤኤስኤምኤል። አንድ የቺፕ ፋብሪካ ለመገንባት ደግሞ ዓመታትና በአሥር ቢሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል። ሶፍትዌር በአንድ ሌሊት ይገለበጣል፤ ፋብሪካ ግን በአንድ ሌሊት አይቆምም።

ኃይሉ ለእኛ ቅርብ ነገር ስለሆነ በጢስ ዓባይ ልለካላችሁ። ኤች 100 የሚባለው የኤንቪዲያ ቺፕ ሲሠራ እስከ 700 ዋት ይወስዳል። በ2024 በአሜሪካ ሜምፊስ ከተማ 100,000 እንዲህ ያሉ ቺፖች በአንድ ማዕከል ተሰብስበው ነበር። ለቺፖቹ ብቻ 70 ሜጋ ዋት ይሆናል፤ ማለትም የጢስ ዓባይ ቁጥር 2 ማመንጫ 73 ሜጋ ዋት አቅም ከሞላ ጎደል ያልቃል፤ ማቀዝቀዣው ገና አልተቆጠረም። በ2025 በአሜሪካ የታወጀው ስታርጌት የተባለ የኤአይ ማዕከላት ዕቅድ 10 ጊጋ ዋት (10,000 ሜጋ ዋት) ነው፤ የሕዳሴ ግድብ ሙሉ አቅም 5,150 ሜጋ ዋት መሆኑን ስታስቡ የሁለት ሕዳሴ ግድብ ያህል ኃይል አንድ ዕቅድ ይጠጣዋል ማለት ነው። የሰው አንጎል የሚሠራው ግን በ20 ዋት ገደማ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ማሽን ራሱን ያሻሽላል ወደሚባለው። ይህ ተጀምሯል፤ «ፈጽሞ አይሆንም» የሚሏችሁንም አትመኑ። ጉግል በ2025 አልፋኢቮልቭ የተባለ ሥርዓቱ የራሱን ሞዴል (ከመረጃ ተምሮ መልስ የሚሰጠውን የኤአይ ፕሮግራም) የማሠልጠኛ ስሌት አንዱን ክፍል በ23 በመቶ እንዳፋጠነ፣ በዚህም አጠቃላዩ የሥልጠና ጊዜ በ1 በመቶ እንዳጠረ ገልጿል። ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩ፤ ክፍሉ በ23 በመቶ ሲፋጠን ጠቅላላው የተፋጠነው በ1 በመቶ ነው። ማሽን ራሱን እያሻሻለ ወሰን አልባ የሚሆንበት ፍንዳታ እንዲመጣ እያንዳንዱ ዙር የሚያመጣው ጥቅም ከቀደመው ዙር ማነስ የለበትም። የመጀመሪያው ዙር 1፣ ሁለተኛው ግማሽ፣ ሦስተኛው ሩብ እያለ ከሄደ ለዘላለም ብትደምሩት ከ2 አያልፍም። 1፣ ከዚያ 1.2፣ ከዚያ 1.44 እያለ ከሄደ ግን ወሰን የለውም። በዚህ ዘርፍ ያለው ክርክር ሁሉ፣ ቃላቱ ቢበዙም፣ ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው ነው በሚለው ላይ ነው።

ክፍሉ ሲፈጥን ጠቅላላው ስለ ምን አብሮ አይፈጥንም? መልሱ ጓዳችሁ ውስጥ አለ። በእጅ ወፍጮ ዘመን አንዲት ሴት ዱቄቱን ለመፍጨት አንድ ቀን፣ ሊጡ እስኪቦካ ደግሞ 3 ቀን ይወስድባት ነበር እንበል፤ ድምሩ 4 ቀን። የሞተር ወፍጮ መጣና መፍጨቱ የደቂቃዎች ጉዳይ ሆነ። እንጀራው ግን ከ4 ቀን ወደ 3 ቀን ነው የወረደው። ወፍጮውን ዛሬ 1,000 ጊዜ ብታፈጥኑት እርሾው አይሰማም፤ ያው 3 ቀን ነው። ይህ ማለት ወፍጮው አልጠቀመም ማለት አይደለም፣ የእናቶቻችንን ጀርባ አሳርፏል። ግን የሥራውን ፍጥነት የሚወስነው ሁልጊዜ ያልተፋጠነው ደረጃ ነው። የጤፍ ዝርያ ምርምርንም እንዲሁ እዩት። የደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል «ቁንጮ»ን በ2006 ለገበሬው አወጣ፤ የጤፍ ዘረመል ቅደም ተከተል ደግሞ በ2014 ታተመ። ዘረመሉን ማንበብ በኤአይ በጣም ይፈጥናል። አዲሱ ዝርያ ይጋሸብ እንደሆነ፣ በአሲዳማው አፈር ላይ ይችል እንደሆነ ለማወቅ ግን መዝራትና መጠበቅ ግድ ነው፤ በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በብዙ ቦታ፣ በአንድ ክረምት ብቻ ሳይሆን በተከታታይ ክረምቶች። እንደ ቆጋ ባለ መስኖ በዓመት ሁለቴ መዝራት ይቻላል፤ ያ ጊዜውን ያሳጥረዋል እንጂ አያጠፋውም። የመድኃኒት ሙከራም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ስለ ሞት መቅረት የተነገራችሁን በዚሁ መዝኑት። በጣም ትንሽ የሆነ አንድ ትል አለ፣ 302 የነርቭ ሴሎች ብቻ ያሉት። የነርቮቹ ትስስር ካርታ በ1986 ታተመ። እስከ ዛሬ የዚያን ትል ሙሉ ጠባይ በኮምፒውተር ላይ ማስነሣት አልተቻለም። የዝንብ አንጎል ካርታ፣ 139,000 ገደማ ሴል፣ በ2024 ተጠናቀቀ። የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሴል አለው። «አእምሮህ ወደ ማሽን ይገለበጣል» የሚለውን ለጊዜው ከቤተሰብ ዕቅዳችሁ አውጡት።

ይህን ሁሉ ያልኩት ነገሩን ለማናናቅ አይደለም። ሜተር የሚባል የአሜሪካ ምርምር ተቋም በ2025 ባወጣው ጥናት፣ ኤአይ ሊጨርሰው የሚችለው ሥራ በሰው ሰዓት ሲለካ ከ2019 ጀምሮ በየ7 ወሩ ገደማ እጥፍ እየሆነ መጥቷል። ገደቡን አብራችሁ ያዙ፤ የተለካው በአብዛኛው የሶፍትዌር ሥራ ነው፤ ሚዛኑም «ከሁለት አንዴ ይሳካለታል» የሚል ነው። ከሁለት አንዴ የምትሠራ የውኃ ፓምፕ ላይ ተማምኖ ቃሪያ የሚተክል ሰው የለም። ቢሆንም በ7 ወር እጥፍ የሚሆን ነገር ሊናቅ አይገባም። የዘርፉ መሠረት ከጣሉት አንዱ፣ በ2024 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ጆፍሪ ሂንተን፣ በ2023 ከሌሎች ብዙ ሊቃውንት ጋር ሆኖ ከኤአይ ሊመጣ የሚችለውን የሰው ልጅ የመጥፋት አደጋ መቀነስ እንደ ወረርሽኝና እንደ ኑክሌር ጦርነት የዓለም ቅድሚያ ይሁን ብሎ ፈርሟል። እነዚህ ሰዎች ኮርስ ሻጮች አይደሉም። የሚፈሩት ማሽኑ እንዳይጠላን ሳይሆን፣ የሰጠነውን ግብ እኛ ባላሰብነው መንገድ አጥብቆ እንዳይፈጽምና መቆጣጠሪያውም በጥቂት እጆች እንዳይቀር ነው።

ለእህታችሁ ደግሞ ቪዲዮው ያልነገራችሁ ትልቅ ነገር አለ። እነዚህ ሞዴሎች የሚማሩት ተጽፎ ኢንተርኔት ላይ ከተገኘ ነገር ነው። የእኛ ፊደል በኮምፒውተር ማከማቻ ውስጥ እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል፣ የላቲኑ 1 ባይት። በዚያ ላይ ጽሑፉን ቆራርጦ ለሞዴሉ የሚያቀርበው የቃል መቁረጫ የተገራው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የአማርኛን ቃል ይበታትነዋል፤ በአማርኛ የተጠየቀ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ዋጋውም ከፍ፣ ጥራቱም ዝቅ ይላል። ራሳችሁ ፈትኑት፤ «በቅሎ» የሚለው ቃል እንስሳዋንም «አቆጥቁጦ»ንም የሚይዝበት አንድ ሰምና ወርቅ ስጡትና ይፍታ። በጎንጅ፣ በዋሸራ፣ በዲማ የቅኔ ጉባኤዎች ተማሪው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስና ዕጣነ ሞገር በየቀኑ አዲስ እየቆጠረ፣ መምህሩ በቃል እያረመው ይወጣል። ያ እርማት፣ ያ «ይህ ሰሙ ተልፈሰፈሰ» የሚለው ፍርድ፣ አብዛኛው የትም አልተጻፈም። ማሽኑ ያላየውን አያውቅም። የጤና ጣቢያው ምክርም፣ የገበሬው የአፈር ቃላትም እንዲሁ ናቸው። ይህን ክፍተት ማንም ከውጭ መጥቶ አይሞላውም፤ አማርኛውንም ሒሳቡንም የምታውቅ ሰው ትፈልጋለች።

ከፊት ለፊታችሁ ሦስት ዓይነት ወደፊት አለ እንበል። ዕድገቱ በቅርቡ ታጥፎ ዝርግ ይሆናል፤ ወይም ይቀጥላል ግን ወደ ኑሮ የሚገባው ቀስ ብሎ ነው፤ ወይም በእርግጥም ይፈነዳል። ሦስተኛው ከሆነ የ6 ወር ኮርስ የሚያድነው ሰው የለም፣ የማሽኑን አጠቃቀም ማሽኑ ራሱ ያስተምራል። የመጀመሪያው ከሆነ ኮርሱ አርጅቶ ይቀራል። እኔ የማዘነብለው ወደ ሁለተኛው ነው፤ ኤዲሰን በ1882 በኒውዮርክ መብራት ካበራ በኋላ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ከኤሌክትሪክ ትልቁን ጥቅም ያገኙት በ1920ዎቹ ነበር፣ ሕንጻውንና አሠራሩን እንደገና እስኪያዋቅሩ። በሦስቱም ውስጥ የማይከስረው መሠረታዊ ትምህርት ከአንድ የሙያ መስክ ጋር ነው።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ትግባ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የወጪ መጋራት ስላለ በሬ የሚያሸጥ ክፍያ በመግቢያው ላይ የለም፤ በመጀመሪያው ዓመት የሚሰጠውም የጋራ ኮርስ ስለሆነ የትምህርት ክፍል ምርጫውን ዛሬ መወሰን የለባችሁም። ምደባው እስኪመጣ በቀን 2 ሰዓት ይዛ በዚህ ቅደም ተከተል ትሂድ፦ መጀመሪያ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ማትሪክስ፣ ቬክተርና ፕሮባቢሊቲ ከነጥያቄዎቹ፤ ከዚያ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ፤ የኤአይ መሣሪያዎቹ ከዚያ በኋላ ናቸው። ቅደም ተከተሉን ገልብጠው የሚጀምሩ ተማሪዎች መሣሪያው ሲሳሳት ስሕተቱን መለየት አይችሉም፤ የሚወድቁትም እዚያ ላይ ነው። የፕሮግራሚንግ መግቢያውን በ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር በነፃ ታገኘዋለች። ሁለተኛ ዓመት ላይ ኮምፒውተር ሳይንስ ከደረሳት ትውሰደው፤ ግን የውኃ፣ የግብርና ወይም የጤና አንድ መስክ አጥብቃ ትያዝ። ኮድ መጻፍ ብቻውን ከሁሉ ቀድሞ እየረከሰ ያለ ሙያ ነው፤ ይህን ደብቄ ልነግራችሁ አልችልም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። «በኤአይ ገንዘባችሁን በ30 ቀን እጥፍ እናደርጋለን» የሚል ማንኛውም ነገር፣ የጤፉን ሒሳብ አስታውሱና፣ እጥፉን የሚከፍለው ቀጥሎ የሚገባው ሰው እንደሆነ እወቁ። እንዲሁም የሰውን ድምፅ በጥቂት ሰከንድ ቅጂ መምሰል የሚቻልበት ጊዜ ላይ ነን፤ እህታችሁ ከሄደች በኋላ «ታምሜያለሁ፣ ቶሎ ብር ላኩ» የሚል ጥሪ በእሷ ድምፅ ቢመጣ ዘግታችሁ በምታውቁት ቁጥሯ መልሳችሁ ደውሉ፤ ከመሄዷ በፊትም ቤተሰቡ ብቻ የሚያውቀው አንድ መለያ ቃል ተስማሙ።

ላፕቶፕ ያስፈልጋታል፣ ግን ዛሬ አይደለም። ያገለገለ ቢሆንም ራሙ 16 ጊጋ፣ ቢያንስ ደግሞ 8 ጊጋ፣ ማከማቻውም ኤስኤስዲ ይሁን። 8 ቢሊዮን መለኪያ (ሞዴሉ በሥልጠና የሚያስተካክላቸው ቁጥሮች) ያለው ክፍት፣ ማለትም ማንም አውርዶ የሚጠቀምበት፣ ሞዴል በ4 ቢት ሲጨመቅ 4 ጊጋ ባይት ገደማ ስለሆነ፣ ኔትወርክ ባለበት ከተማ አንዴ ወርዶ በፍላሽ ከመጣላት መስመር ተቋርጦ በሚሰነብትበትም ጊዜ ኦላማ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት ይሠራላታል። ትንሽ ሞዴል በአማርኛ ደካማ ነው፤ ለሒሳብና ለፓይተን በእንግሊዝኛ ትጠይቀው፣ መልሱንም በእጇ ሳታሰላ አትቀበለው። ገንዘቡን በሬዎቹ አርሰው ከሚያወጡት እህል አግኙት፤ አንዱ በሬ ከተሸጠ ሌላው ብቻውን አይጠመድምና ሁለቱም እንዳሉ ይቆዩ፣ ላፕቶፑ ደግሞ በጥር ከውቂያው በኋላ ይገዛ።